ግልባጭ ያልደረሰው ሰፈር

በመጽሐፍ መደርደሪያዬ ጥግ በቆመ ሰማያዊ ክላሰር ውስጥ፣ የተጻፈለት ቀን ካለፈ ሦስት ዓመት የሆነው አንድ ደብዳቤ አለ። ሁለት ክብ ማኅተምና አንድ ቲተር አርፎበታል፤ ከግርጌው ሰባት ግልባጭ ተዘርዝሯል። የሚለውም በአጭሩ፣ በሰፈራችን የሚገኘው 180 ሜትር የሚሆን የኮብልስቶን መንገድ በአንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ለሕፃናት የንባብና የሥዕል ቀን ሲባል ለተሽከርካሪ ዝግ እንዲሆን፣ የሚመለከታቸው ሁሉ ትብብር እንዲያደርጉ ነው። ወረቀቱን እጃችን ለማስገባት 22 ቀን ፈጅቶብናል። በተባለው ቅዳሜ አንድም ልጅ እዚያ መንገድ ላይ አልሳለም። መንገዱ ግን በእርግጥም ዝግ ነበር፤ የዘጋው የእኛ ደብዳቤ አልነበረም እንጂ።

የሆነውን ለሰው ሳወራው ሁሉም ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ስሆን ግን ሳቁ ያልነካው አንድ ነገር ተመልሶ ይመጣብኛል። ምን እንደሆነ ለይቼ ለማወቅ ነው ይህን የምጽፈው።

ጠያቂው አካል ማን ነው?

ስድስት ነበርን። ሁላችንም እዚያው ሰፈር አድገን፣ ግማሾቻችን ደግሞ ኪራይ አባርሮን ወደ ከተማው ዳርቻ የሄድን ነን። ሐሳባችን በቆርቆሮ አጥሮቹ ላይ ረጅም ነጭ ወረቀት ወጥረን ልጆች እንዲስሉበት፣ ድንጋዩ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ከየቤታችን ያሰባሰብናቸውን መጻሕፍት እንዲያነቡበት ማድረግ ነበር። መድረክ አልነበረውም፤ ንግግርም የክብር እንግዳም አልነበረውም። ለታላቁ ሩጫ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ 10 ኪሎ ሜትር መንገድ የሚዘጋባት፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች በተወሰኑ እሑዶች ከመኪና ነጻ የሚሆኑባት አዲስ አበባ፣ ለአንድ ቅያስ ግማሽ ቀን ትነፍገናለች ብለን አልጠረጠርንም። አልነፈገችንምም፤ እውነቱን ለመናገር፣ በ22 ቀን ውስጥ «አይቻልም» የሚል ቃል ከማንም አፍ አልሰማንም።

በመጀመሪያው ቀን የሰማነው ጥያቄ ነው፤ «ጠያቂው አካል ማን ነው?» የሚል። ስድስት ሰዎች ነን አልን። ባለሙያው በትዕግሥት፣ ስድስት ሰው አካል እንዳልሆነ አስረዱን። አካል ማለት ስም፣ አርማ ያለው ወረቀትና ማኅተም ያለው ነው። ለአንድ ጠዋት የወረቀት ላይ ሥዕል ብለን በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ሆነን ልንመዘገብ አንችልም፤ ስለዚህ ማኅተም ያለው ዘመድ ፍለጋ ወጣን። ከመካከላችን አንዷ «እድሩ እኮ ማኅተም አለው» ብላ ነበር። «ለቅሶና ሥዕል ምን አገናኛቸው?» ብዬ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ያወጣሁት አፍ የራሴ መሆኑን እዚህ መዝግቤ ማለፍ እፈልጋለሁ። በኋላ ይመለስብኛል።

ማኅተሙን ያገኘነው የሰፈሩ ልጆች ከሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ርእሰ መምህሩ የድጋፍ ደብዳቤውን በአንድ ቀን ጻፉልን፤ ከዚያ በኋላ አካል ሆንን። አካል የሆነ ሰው ደግሞ ይመራል። ደብዳቤያችን መዝገብ ቤት ገባ፤ ቁጥር ተሰጠው፤ ወደ ኃላፊው ተመራ። ኃላፊው ኅዳጉ ላይ ሁለት መስመር ጽፈው ወደ ጸጥታ መሩት፤ ጸጥታ ወደ ፖሊስ፣ ፖሊስ ወደ ትራፊክ፣ ትራፊክም ወደ መጣበት መለሰው። ፖሊስ ጥበቃ ለመመደብ የአስተዳደሩ ደብዳቤ ያስፈልገው ነበር፤ አስተዳደሩ ደብዳቤ ለመጻፍ ፖሊስ ጥበቃ መመደብ እንደሚችል በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ይፈልግ ነበር። ሁለቱም ወገን «እነሱ ከተስማሙ እኛ ተቃውሞ የለንም» አለን። በሁለት ተቃውሞ በሌላቸው ቢሮዎች መካከል ዘጠኝ ቀን ተመላለስን።

አያቶቻችን ይህን ደጅ ጥናት ይሉት ነበር። ባለጉዳይ በመኳንንቱ አጥር ሥር ቆሞ፣ ጌታው ሲወጡ እጅ እየነሣ፣ ፊቱን እያስለመደ፣ ቀን የሚቆጥርበት ሥርዓት ነው። ልዩነቱ፣ የዚያን ጊዜው ደጅ ጠኚ የማን ደጅ እንደሚጠና ማወቁ ነው። እኛ የጠናነው ደጅ አልባ ነበር። በግድግዳው ላይ የአገልግሎት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ መታወቂያ ለማደስ፣ ልደት ለማስመዝገብ፣ ያላገባ ማስረጃ ለማውጣት የሚያስፈልገው ቅድመ ሁኔታና የሚፈጀው ጊዜ በዝርዝር ተጽፏል። ወረፋ ስጠብቅ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ ሳላነበው አልቀረሁም። «መንገድ ለአንድ ጠዋት መዝጋት» የሚል መስመር አልነበረውም። ያልተጻፈ አገልግሎት አልተከለከለም፤ ግን ደግሞ የሚፈጀው ጊዜ ስለሌለው መዘግየቱንም ማንም ሊነግርህ አይችልም።

ሦስት ግሶች

ከስድስታችን አንዱ ሕግ ያጠና ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትዕግሥቱ አልቆ፣ ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ወራት በኋላ በ1983 ዓ.ም. የወጣውን የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 3/1983ን አሳትሞ መጣ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ አንብቤው አላውቅም ነበር። ስለ ሰልፍ በሰማሁ ቁጥር «ፈቃድ ተከለከለ»፣ «ፈቃድ ተሰጠ» ሲባል ስለሰማሁ፣ አዋጁ የፈቃድ አዋጅ ይመስለኝ ነበር። ዋነኛ ግሱ ግን ማሳወቅ ነው። አዘጋጆቹ ዓላማውን፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የራሳቸውንም ስምና አድራሻ ጽፈው ከ48 ሰዓት በፊት ያሳውቃሉ። የተነገረው የአስተዳደር አካል፣ ዝግጅቱ በሌላ ጊዜ ወይም በሌላ ቦታ ቢሆን ይሻላል ካለ፣ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይሰጣል። ጨርሶ፣ መቼም የትም አይደረግም ማለት ግን አይችልም። ከዚያ በኋላ የመጣው የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 30 የመሰብሰብን መብት አስቀምጦ፣ ከቤት ውጭ የሚደረጉት የሕዝብን እንቅስቃሴ እንዳያውኩ፣ ሰላምን፣ ዴሞክራሲያዊ መብቶችንና የሕዝብን ሞራል እንዳይጥሱ ሥርዓት ሊወጣላቸው እንደሚችል ይጨምራል።

አሥራ ሁለት ሰዓት! እኛ አሥራ ሁለተኛ ቀናችን ላይ ነበርን። በደስታ አዲስ ደብዳቤ አርቅቀን፣ አዋጁን ከነአንቀጹ ጠቅሰን ገባን። ባለሙያው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት፤ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ አባት እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ይህን ከጠቀሳችሁ እኮ ፖለቲካ ነው ማለት ነው። ፖለቲካ ከሆነ ደግሞ ወደ እኔ አይደለም የምትመጡት።»

በመጀመሪያ ማስፈራራት መስሎኝ ነበር። ውሎ ሳስበው ግን ሰውየው ትክክል ነበሩ፤ አዋጁ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው የሰልፍና የፖለቲካ ስብሰባ ነው። በዚህ ሐሳብ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። መፈክር ይዞ የሚወጣ ሰው ቢያንስ በወረቀት ላይ 12 ሰዓት የሚል ሰዓት አለው፤ ቢሮው ዝም ካለ ዝምታውን የሚቆጥርበት ነገር አለው። በእርግጥ ያ ወረቀት በተግባር ስንቱን እንደረዳ በማወቅ አንባቢ ከእኔ አያንስም። ከለር ይዞ የሚወጣ ሰው ግን ያንን እንኳ የለውም። እኛን የሚመለከት አንቀጽ፣ የሚቆጠርልን ሰዓት፣ የመከልከያ ምክንያት የመጠየቅ መብት አልነበረንም። ከማንም ጋር ስላልተጣላን ሕጉ አያውቀንም ነበር። የነበረን የሰዎች በጎ ፈቃድ ብቻ ነው፤ በጎ ፈቃድ ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ሲሆኑ አይገኝም።

መውጫውን ያሳዩን የመዝገብ ቤቷ ሴት ናቸው። በየቀኑ ስንመጣ «እናንተ ልጆች ዛሬም?» እያሉ ሻይ ሊጋብዙን ደርሰው ነበር። ደብዳቤያችንን ከጠረጴዛቸው ላይ አንሥተው በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ ቃል ነኩልን፤ «እንዲፈቀድልን» የሚለውን። «ይህን አውጡትና 'ትብብር እንዲደረግልን' በሉ» አሉን። «ፈቃድ ካላችሁ የሚፈርመው ሰው ነገ እኔ ፈቀድኩ ማለት አለበት። ትብብር ግን ማንንም አያስጠይቅም።»

ይህን የመሰለ ትምህርት ከየትኛውም የአስተዳደር መጽሐፍ አገኛለሁ ብዬ አላስብም። ግሱን ስንቀይር ደብዳቤው ተንቀሳቀሰ። ፖሊስ እንዲተባበር፣ ትራፊክ እንዲተባበር፣ ደንብ ማስከበር የወረቀቱን መወጠሪያ እንዳያነሣብን እንዲተባበር ተጻፈ። በሃያ ሁለተኛው ቀን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሸኚውን ደብዳቤ ተቀበልን። ፈቃድ አይልም። የፈቀደው ሰው የለም። ሁሉም የተባበሩበት፣ ማንም ያልፈቀደው መንገድ በእጃችን ገባ።

ማታ ከግርጌ ያሉትን ግልባጮች አንድ በአንድ አነበብኳቸው፤ ሰባት ናቸው። ያኔ የጎደለ ነገር አልታየኝም።

ጥሩምባው

አርብ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ በእናቴ ቤት ተኝቼ ነበር፤ ለዝግጅቱ ብዬ ነው የመጣሁት። ጥሩምባው ከታች ከወንዙ በኩል ሲጀምር በእንቅልፌ ውስጥ ሰማሁት። ይህን ድምፅ እዚያ ሰፈር ያደገ ሰው አይስተውም፤ አንድ ረጅም፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ የሰው ድምፅ። ጥሩምባ ነፊው በእያንዳንዱ ቅያስ መግቢያ ቆሞ፣ ያረፉትን ሰው ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ተናግሮ ያልፋል። ያረፉት በመንገዳችን መካከል፣ በአረንጓዴው በር የሚኖሩት እናት ነበሩ። ልጆች ሆነን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቆሎ በስኒ የሚሰፍሩልን፣ ስሙኒ የጎደለውንም የማይመልሱ ሴት ናቸው።

እናቴ ነጠላዋን ፍለጋ ተነሣች። እኔ አልጋዬ ላይ እንደተጋደምኩ፣ ማፈሬን አሁንም ልደብቀው አልችልም፣ መጀመሪያ የቆጠርኩት ቀን ነው። ዛሬ ቀብር፤ እሑድ ሣልስት፤ ቅዳሜ በመካከል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ የድንኳኑ ብረቶች እየቆሙ ነበር። እኛ በሜትር ለክተን «ከዚህ እስከዚህ ወረቀት፣ ከዚህ እስከዚህ ምንጣፍ» ያልንበት ቦታ ላይ፣ ከአጥር እስከ አጥር፣ የመንገዱን ሙሉ ስፋት ይዞ። ጎረምሶች ከእድሩ ዕቃ ቤት አግዳሚ ወንበር እየተሸከሙ ያመጣሉ፤ ሴቶቹ ድስቶቹን ያወርዳሉ፤ አንድ ሰው ሸራውን ከላይ ይጎትታል። ማንም ማንንም «ማን ፈቀደላችሁ?» አላለም። አንድ ሚኒባስ ከላይ መጣ፤ ሾፌሩ ድንኳኑን አየ፤ የሬዲዮውን ድምፅ ቀንሶ፣ ክላክስ ሳይነካ፣ ያንን ሁሉ መንገድ ወደ ኋላ እየነዳ ወጣ። በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ያለ አንድ ፊርማ፣ መንገዱ ለሦስት ቀን ተዘጋ።

በብብቴ ክላሰሩን ይዤ ነበር። ለምን ይዤው እንደወጣሁ አላውቅም፤ ምናልባት 22 ቀን ከእጄ ስላልተለየ ይሆናል። እዚያ ቆሜ፣ ለጥቂት ቅጽበት፣ በአእምሮዬ ውስጥ አንድ የማይረባ ክርክር ተካሄደ። በወረቀት ከሄድን መንገዱ ነገ የእኛ ነው። ድንኳኑ አንድም ደብዳቤ የለውም፤ እኛ ሁለት ክብ ማኅተም አለን። በሰባቱ ቢሮዎች ፊት ብንቆም ረቺዎቹ እኛ ነን። ይህን ያሰብኩት ከልቤ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ወረቀቱን ለማንም ላሳይ አልፈለግሁም። ነገር ግን ሐሳቡ መምጣቱ ራሱ አስደነገጠኝ። ሦስት ሳምንት በማኅተም መካከል ስውል፣ መንገዱ ማኅተም ካለው ሰው የሚሰጥ ነገር መስሎኝ ነበር ማለት ነው።

ከዚያም የእድሩን ዳኛ አየኋቸው። አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው የቀብር አውቶቡስ ስለሚያመጣው ሰው በስልክ ይነጋገራሉ። ጨርሰው ሲዘጉ ቀረብኩና «እግዜር ያጽናችሁ» ብዬ፣ የነገውን ዝግጅት መሰረዛችንን፣ ሰው እንዳይቸገር ለልጆቹ ቤተሰቦች በየቤቱ እየዞርን እንደምንናገር ነገርኳቸው።

«የምን ዝግጅት?» አሉኝ።

ሰባት ግልባጭ ያለው ደብዳቤ፣ 22 ቀን፣ በሁለት የፖሊስ መዝገብ ላይ የሰፈረ ጉዳይ፤ በራቸው ከዚያ መንገድ 20 እርምጃ የማይርቀው፣ ስለ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰሙት ሰው አልሰሙም ነበር። የሰሙት ጥቂት እናቶች ናቸው፤ እነሱም ከልጆቻቸው። ስለ ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። ደብዳቤውን አላወጣሁም። አዳምጠውኝ ሲያበቁ ጥቂት ዝም አሉና፣ ያለ ቁጣ፣ «ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?» አሉ።

ለምን አላስፈቀዳችሁንም አላሉም። ልብ ያልኩት በኋላ ነው። የተጠቀሙበት ግስ መንገር ነበር፤ ጥሩምባውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጥሩምባ ነፊው በየቅያሱ ቆሞ «መንገዱን ልንዘጋ ነውና ፍቀዱልን» አይልም፤ ማን እንዳረፈ፣ መቼና የት እንደሚቀበር ተናግሮ ያልፋል። የሰማው ሰው የራሱን ድርሻ ያውቀዋል፤ ሾፌሩ ወደ ኋላ ይነዳል፣ ጎረቤት ውኃ ያቀርባል፣ ባለሱቁ ሙዚቃውን ያጠፋል። አዋጁ በ1983 ዓ.ም. በወረቀት ላይ ያሰፈረው ግስ፣ እናቴ ነጠላዋን እየፈለገች ከምትሰማው ድምፅ ጋር አንድ መሆኑ ይገርመኛል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል በነበረው ሰፊ ቦታ ነው እኛ ስንባክን የከረምነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እድሩን «ለቅሶና ሥዕል ምን አገናኛቸው?» ብዬ የጣልኩት ለዚህ ነው፤ ቅርብ ስለነበረ። የሩቁን ለማግኘት ስድስት ሰው ከሥራ ቀርቷል።

የቀን ለውጥ

እሑድ ሣልስቱ ወጣ። ሰኞ ጠዋት የእድሩ ዳኛ ወደ እናቴ ቤት ልጅ ላኩብኝ። ሄድኩ። ከእሳቸው ጋር ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ነበሩ። ጥያቄያቸው አጭርና ሁሉም ተግባራዊ ነበር። ስንት ልጅ ይመጣል? ፀሐይ ሲበረታ የት ይጠለላሉ? ውኃ አስባችኋል? ሽንት ቤት የማንን ትጠቀማላችሁ? በ22 ቀን ውስጥ ከሰባት ቢሮ አንዱም ስለ ሽንት ቤት አልጠየቀንም፤ እኛም አላሰብንበትም ነበር። ጸሐፊው አንዱን ድንኳን ለጥላ እንዲሰጡን፣ አግዳሚ ወንበሮቹም እንዲጨመሩ ሐሳብ አቀረቡ። ሐዘን ላይ ያለውን ቤት እንዳይረብሽ የድምፅ ማጉያውን እንድንተው ተጠየቅን፤ ተውነው። ሟቿ የነበሩበት ቤት ልጅ ተጠይቃ፣ «እማዬ ልጆች ሲጮሁ ነው ደስ የሚላት» ማለቷን ሰማን። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲሆን ተስማማን። ስብሰባው አርባ ደቂቃ አልሞላም።

ቀኑ ስለተለወጠ ግን ወረቀቱ ሞተ። ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው ለማዛወር እንደገና መመራት ሊኖርብን ነው። ስድስታችን ማታ ተሰብስበን ተከራከርን። አንዳንዶቻችን «ሳንጽፍ እናድርገው፤ ሰፈሩ ተስማምቷል» አልን፤ ሕግ ያጠናው ግን እምቢ አለ። «ሰፈሩ የተስማማው ከእኛ ጋር ነው፤ ፖሊሱ ቢመጣ የሚያየው ወረቀት ነው» አለ። በመጨረሻ አንድ ገጽ ጻፍን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «እንዲፈቀድልን» ወይም «ትብብር እንዲደረግልን» የሚል ቃል የሌለበት። በሰፈሩ ሐዘን ምክንያት ዝግጅቱ ወደሚቀጥለው ቅዳሜ መዛወሩን በአክብሮት እናሳውቃለን ይላል። የመዝገብ ቤቷ ሴት አነበቡት፤ ወደ እኔ ቀና አሉ፤ «እናሳውቃለን?» አሉ ቃሉን እየቀመሱ። ከዚያ «ገቢ» የሚለውን ማኅተም አሳረፉበትና አንዱን ቅጂ መለሱልን። የሚመልስልን አልነበረም፤ እስከ ቅዳሜም ማንም አልደወለም።

ቅዳሜ ዕለት ልጆቹ ከጠበቅነው እጥፍ መጡ። ወረቀቱ በአራት ሰዓት አልቆ ሲሚንቶ የታሸገበትን ቡናማ ከረጢት ቀደን ገልብጠን ወጠርን፤ በእኔ ግምት ከነጩ የተሻሉት ሥዕሎች እነሱ ላይ የተሳሉት ናቸው። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሁለት ፖሊሶች ከላይ ሲመጡ አየሁና ክላሰሬን ይዤ ተነሣሁ። አንደኛው የድሮውን ደብዳቤ አነበበ፤ ጣቱ ቀኑ ላይ ቆመ። የቀን ለውጡን ሰጠሁት፤ እሱንም አነበበ። መልሱ የት አለ እንደሚለኝ እየጠበቅሁ ነበር። እሱ ግን ወረቀቶቹን አጥፎ መለሰልኝና ዙሪያውን አየ፤ «አስተባባሪው ማን ነው?» አለ።

አፌን ሳልከፍት፣ ከኋላዬ ከአግዳሚ ወንበሩ ላይ፣ የእድሩ ዳኛ «እኛ ነን» አሉ።

ፖሊሱ እጅ ነሥቶ ጥላ ያለበት ቦታ ተሰጠው። ታሪኩን ለሰው ሳወራ የማቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

«እኛ ነን» የሚለው ቃል የመጣው ሰፈሩ የሚያውቀው መምህር ልጅ ስለሆንኩ ነው፤ እናቴ ለ30 ዓመት መዋጮዋን ስላላጓደለች ነው፤ በወረቀቱ ላይ የሳሉት ልጆች የእነሱ የልጅ ልጆች ስለሆኑ ነው። እዚያው ቅያስ ውስጥ ከዓመት በፊት የተከራየ ሰው ተመሳሳይ ነገር ቢያስብ፣ ወይም እኔው ራሴ በሥዕል ፋንታ ስለ ውኃ መጥፋት የሚያማርር ሰሌዳ ይዤ ብወጣ፣ ከወንበሩ ላይ ያው መልስ ይመጣ ነበር? የእድሩን ዳኛ አከብራቸዋለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ሰፈር የሚያውቀውን ሰው ያስተናግዳል። የማያውቀውን፣ ወይም አውቆ የማይወደውን ሰው ግን ሊያስተናግድ የሚገባው ያ ደረቅ አዋጅ ነው፤ 48 ሰዓትና 12 ሰዓት የሚለው፣ ጥሩምባም ቆሎም የማያውቀው። ስለዚህ ቢሮዎቹን ስቄባቸው፣ ድንኳኑን አሞግሼ ማለፍ አልሆነልኝም። ድንኳኑ ለእኔ የሠራው እኔ የድንኳኑ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ባለፈው ወር፣ ከከተማው ዳር ባለ አንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ የሚኖሩ ወጣቶች፣ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ያለውን መንገድ ለልጆች ጨዋታ ለግማሽ ቀን ሊዘጉ እንዳሰቡና የደብዳቤውን ናሙና እንድልክላቸው በጋራ ጓደኛ በኩል ጠየቁኝ። ከክላሰሩ አውጥቼ ፎቶ አንሥቼ ላክሁ፤ «ትብብር» የምትለውን ቃል እንዳይቀይሩ፣ ከሰባቱ ግልባጮች በላይ ደግሞ አንድ መስመር ጨምረው ለሰፈሩ እድር እንዲያደርጉ ጻፍኩላቸው። በማግሥቱ መልሳቸው መጣ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ከየአቅጣጫው በዕጣ የገባ ነው፤ አብዛኛው ተከራይ ነው፤ እድርም ገና አልተመሠረተም። «ታዲያ ለማን ግልባጭ እናድርግ?» ይላሉ። መልእክቱን ከፍቼ አንብቤዋለሁ፤ እስካሁን አልመለስኩላቸውም።